ገጽ መልክ ሲያወጣ፦ የቆዩ ድርሰቶች ትራንስጀንደር ገጸ ባሕርያት በፊልም እንዴት ይቀርባሉ?

ቆየት ያለ ልቦለድ ወደ ፊልም ሲመጣ ክርክሩንም አስከትሎ ይመጣል። መጽሐፉን ያነበበው «እዚህ ጋ ጨምረውበታል» ይላል፤ ያላነበበው ደግሞ «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ከየት ተገኘ?» ብሎ ይገረማል። ታሪኩ ውስጥ ትራንስጀንደር ሰው ካለ ክርክሩ ይበልጥ ይጦፋል። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው የሁለቱ ጥበቦች ጠባይ ነው። ደራሲ አንድን ነገር ሳይናገር ሁለት መቶ ገጽ መጓዝ ይችላል። ካሜራ ግን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ አንስቶ ፊት ማሳየት፣ ድምፅ ማሰማት፣ ልብስ ማልበስ ግድ ይለዋል። ደራሲው ዝም ብሎ ያለፈውን ፊልም ሠሪው መወሰን አለበት። ጨመሩ ወይም ቀነሱ የምንለው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ውሳኔ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራንስጀንደር ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ሲወለድ አካሉ ታይቶ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ይባላል። ትራንስጀንደር የሚባለው፣ ራሱን የሚያውቅበት ማንነት ያኔ ከተባለለት ጋር የማይገጥም ሰው ነው። ስትወለድ ወንድ ተብላ ሴት ሆና የምትኖር ትራንስ ሴት ትባላለች፤ የዚህ ተቃራኒ ትራንስ ወንድ ነው። ሆርሞን መውሰድ ወይም ቀዶ ሕክምና ማድረግ የቃሉ መስፈርት አይደለም። ሰውየው በማን ፍቅር ይያዛል የሚለውም ሌላ ጉዳይ ነው።

በድርሰት ውስጥ ከዚህ ጋር የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ሥራ ለማግኘት ወይም ከአሳዳጅ ለማምለጥ የሌላውን ጾታ ልብስ የለበሰ ገጸ ባሕርይ ራሱን የሰወረ ሰው ነው። መድረክ ላይ ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ተዋናይ ነው። በአማልክት ፈቃድ ወይም በአስማት ጾታው የተለወጠ ደግሞ የተረት ሰው ነው። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ወደ ፊልም መግባት ብዙ ሥራ አበላሽቷል።

ቃላቱም ዕድሜ አላቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ማግኑስ ሂርሽፌልድ «ትራንስቬስታይት» የሚለውን ያወጣው በ1910 ነው። ሃሪ ቤንጃሚን በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ «ትራንስሴክሹዋል» የሚለውን አስፋፋ። «ትራንስጀንደር» በሰፊው የተለመደው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ በ1928 ወይም በ1968 ልቦለድ ውስጥ ቃሉን አለማግኘት ሰውየው እዚያ የለም ማለት አይደለም።

ደራሲው ካልሰየመው በምን ይታወቃል?

ጠንቃቃ የፊልም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲያነብ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ገጸ ባሕርይው የሚያየው ሰው በሌለበት፣ ብቻውን ሲሆን፣ ራሱን ምን ብሎ ያስባል? ልብሱን እንዲለብስ ያስገደደው ችግር ሲያልፍ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ወይስ ባለበት ይጸናል? ወደፊት ሊኖረው የሚመኘውን ኑሮ ሲያልም በየትኛው ማንነቱ ነው የሚያልመው?

አንዳንዴ እነዚህም አይበቁም። ጆርጅ ሙር በ1918 ያሳተመው የአልበርት ኖብስ ታሪክ ሴት ተብሎ ተወልዶ፣ በደብሊን ሆቴል ውስጥ ወንድ አስተናጋጅ ሆኖ ስለሚኖር ሰው ነው። (ይህ ዓረፍተ ነገር ራሱ በአማርኛ ሲጻፍ «የሚኖር» ወይስ «የምትኖር» ብሎ መምረጥ ያስገድዳል፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።) ኖብስ በወንድ ልብስ መኖር የጀመረው የተሻለ ደመወዝ ለማግኘት ነው። ግን ዓመታት አለፉ፤ ልብሱና ሰውየው ተዋሃዱ። ያ ሰው ራሱን የሰወረ ነው ወይስ ትራንስ ወንድ? ሙር መልሱን አልጻፈም። ግሌን ክሎዝ ይህን ገጸ ባሕርይ በ1982 በመድረክ፣ በ2011 ደግሞ በፊልም ተጫውታዋለች። በፊልሙ ኖብስና እንደ እሱ ወንድ ሆኖ የሚኖረው ሂዩበርት ፔጅ አንድ ቀን ቀሚስ ለብሰው ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ኖብስም በአሸዋው ላይ ይሮጣል። አንዱ ተመልካች በዚያ ሩጫ ውስጥ ከእስር የተፈታች ሴት ያያል። ሌላው ለአፍታ ከራሱ ሸክም ያረፈ ሰው ያያል። እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት የታሪኩን ሚዛን ወዴትም ሊያዘነብል ስለሚችል፣ ሲጻፍ እያወቁ መጻፍ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ የሚሰውረውን ካሜራ ለምን መሰወር ያቅተዋል?

የጎር ቪዳል «ማይራ ብሬከንሪጅ» በ1968 ወጣ። አብዛኛው ታሪክ በማይራ ማስታወሻ ደብተር መልክ የተጻፈ ነው፤ አንባቢው የሚያውቀው እሷ ልትነግረው የፈለገችውን ብቻ ነው። ድሮ ማይረን የሚባል ሰው እንደነበረች የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። በ1970 ፊልሙ ሲሠራ ማስታወሻ ደብተሩ ጠፋ። ሠሪዎቹ ማይራን ለራኬል ዌልች፣ ማይረንን ለሬክስ ሪድ ሰጡና አንዱን ሰው ለሁለት ከፈሉት። ፊልሙ በቀዶ ሕክምና ክፍል ይጀምራል፤ ምስጢሩ ከመነሻው ተበላ። ማይረን በየትዕይንቱ ከማይራ ጎን ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከመኪና አደጋ በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ ይነቃል፤ ያየነው ሁሉ ሕልም ነበር። በመጽሐፉ የሆነ ነገር በፊልሙ እንዳልሆነ ተቆጠረ። እንዲህ ያለ «ሕልም ነበር» ትልቁ ሽሽት ነው፤ ታሪኩን እየሸጡ ገጸ ባሕርይዋን መካድ።

በፍትሐዊነት ግን ዘመኑም መታየት አለበት። የሆሊውድ ሥነ ምግባር ደንብ በ1930 ወጥቶ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሲተገበር፣ ከተለመደው ወጣ የተባለ ጾታዊ ነገርን ፍንጩን እንኳ ማሳየት ከልክሎ ነበር። የተሻረው በ1968 ነው። የማይራ ፊልም የተሠራው ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ሠሪዎቹ የሚመለከቱት ምሳሌ ብዙም አልነበራቸውም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ በቨርጂኒያ ዉልፍ «ኦርላንዶ» ላይ ታይቷል። ልቦለዱ በ1928 ወጣ፤ ሳሊ ፖተር በ1992 ወደ ፊልም አመጣችው። ኦርላንዶ ከመኳንንት ወገን የሆነ ወጣት ነው፤ ብዙ ቀን ተኝቶ ሲነቃ ሴት ሆኗል። መጽሐፉ ምክንያት አይሰጥም፤ መለከት ይነፋል፣ ኦርላንዶም ይነሳል፣ አለቀ። ዝነኛ ተራኪው ስለሚያጫውተን «ለምን?» ብለን አንጠይቅም። ፊልም ግን ያን ተራኪ የለውም። ፖተር ሦስት ነገር አደረገች። ቲልዳ ስዊንተን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለቱንም ትጫወታለች፤ ስለዚህ ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ፊቷ ይናገራል። ከእንቅልፉ በፊት ኦርላንዶ በጦርነት መሀል የሚሞት ሰው ፊት ይቆማል፤ ወንድነት የሚጠይቀውን ግድያ ይሸሻል፤ ለውጡ መነሻ አገኘ። ከእንቅልፉ በኋላ ደግሞ ከመስታወት ፊት ቆማ ወደ ካሜራው ዞር ትልና «ያው ሰው ነኝ፣ ምንም ልዩነት የለም፣ ጾታዬ ብቻ ተለየ» ትላለች። የተራኪው ሥራ በአንድ እይታ ተተካ። ነገሩን ከጠቀሱ አይቀር፣ በመጽሐፉ ወንድ ልጅ ትወልዳለች፤ በፊልሙ ሴት ልጅ። ይህም የተመረጠ ነው።

ኦርላንዶ በመሠረቱ የተረት ሰው ነው። ሆኖም በ2023 ፖል ፕሬሲያዶ ከሃያ በላይ ትራንስጀንደርና ከሁለቱም ጾታ ውጭ ነን የሚሉ ሰዎችን ሰብስቦ ሁሉም «እኔ ኦርላንዶ ነኝ» እያሉ ከመጽሐፉ ጋር የራሳቸውን ሕይወት የሚያነቡበት ዘጋቢ ፊልም ሠራ። አንድ መጽሐፍ በሠላሳ ዓመት ልዩነት ሁለት ዓይነት ትክክለኛ ፊልም ሊወጣው ይችላል።

ሲያሳጥሩ የሚጎዳው ምኑ ነው?

በፊልም ሙያ አንድ የፊልም ጽሑፍ ገጽ እንደ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። አራት መቶ ገጽ ልቦለድ መቶ ሃያ ገጽ ጽሑፍ ይሆናል። መጀመሪያ የሚቆረጠው የማብራሪያ ንግግር ነው፤ ታሪኩን ስለማያራምድ። ትራንስጀንደር ገጸ ባሕርይ ባለበት ድርሰት ግን አንዳንዴ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ማብራሪያ ላይ ነው።

የቶማስ ሃሪስ «የበጎቹ ዝምታ» ጥሩ ማሳያ ነው። ልቦለዱ በ1988፣ የጆናታን ዴሚ ፊልም በ1991 ወጡ፤ ፊልሙ አምስት ኦስካር ወስዷል። ገዳዩ የሴቶችን ቆዳ እየገፈፈ ለራሱ ልብስ ይሰፋል። መጽሐፉ ይህ ሰው ትራንስሴክሹዋል አለመሆኑን ደጋግሞ ይናገራል። የጾታ ማንነት ክሊኒክ ኃላፊ የሆነ ሐኪም ከመርማሪዎቹ ጋር ፊት ለፊት ይከራከራል፤ ታካሚዎቼን ከነፍሰ ገዳይ ጋር አታቆራኙብኝ ይላል። ገዳዩ ክሊኒኮቹን ጠይቆ ያልተቀበሉት ሰው ነው። በፊልሙ ይህ ሁሉ ወደ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ወረደ፤ መርማሪዋ ክላሪስ ትራንስሴክሹዋል ሰዎችን ከዓመፅ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ ትናገራለች፣ እስረኛው ሐኪም ሌክተርም ቢሊ የተባለው ገዳይ እውነተኛ ትራንስሴክሹዋል እንዳልሆነ፣ እንደሆነ ግን እንደሚያስብ ይመልሳል።

ቃሉ አለ፤ አልተሰረዘም። ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምስል ገዳዩ ከንፈሩን ተቀብቶ በካሜራ ፊት ሲደንስ ነው። ተመልካች ከሲኒማ ሲወጣ የሚያስታውሰው የቱን ነው? ምስሉን። በፊልም አንድን ምስል በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተባበል አይቻልም፤ ምስል የሚስተካከለው በምስል ነው። ሐኪሙ በሥጋና በደም ቆሞ ቢከራከር፣ ወይም አንዲት ተራ ታካሚ በመተላለፊያው ስታልፍ ቢታይ፣ ሁለት ደቂቃ ይወስድ ነበር። ያች ሁለት ደቂቃ ስትቀር ብዙ ትራንስ ሰዎች ለዓመታት ሲያዝኑበት ኖረዋል፤ ሐዘናቸውም ትክክል ነው።

ማን ይጫወተው?

በ1982 የጆን ኧርቪንግ የ1978 ልቦለድ «ዓለም እንደ ጋርፕ» ወደ ፊልም ሲመጣ፣ የቀድሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የሆነችውን ትራንስ ሴት ሮበርታ መልዱንን ጆን ሊትጎው ተጫወታት፤ ለኦስካርም ታጨ። ሮበርታ በዚያ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጤናማዋና ታማኟ ናት። ሊትጎውም ሊያስቅባት አልሞከረም። በዘመኑ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዛሬ ትራንስ ተዋንያን የሚያነሱት ነጥብ ግን ሌላ ነው። ወንድ ተዋናይ ትራንስ ሴትን ከተጫወተ በኋላ በሽልማት መድረክ ላይ ጺሙን አሳድጎ በሱፍ ይታያል፤ ተመልካቹም «ለካ ሴትነቷ ልብስ ብቻ ነበር» የሚል ትምህርት ሳያውቀው ይወስዳል። ኤዲ ሬድሜይን በ2015 «ዘ ዴኒሽ ገርል» በተባለው ፊልም ዴንማርካዊቷን ትራንስ ሴት ሊሊ ኤልቤን ከተጫወተ በኋላ፣ በ2021 ያንን ሚና መቀበሉ ስህተት እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

በአንጻሩ ሌላ መንገድም ኖሯል። ክሊንት ኢስትዉድ በ1997 ጆን ቤረንት በ1994 ስለ ሳቫና ከተማ ያሳተመውን መጽሐፍ ፊልም ሲያደርግ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ትራንስ ሴት ሌዲ ሻብሊስ ራሷን ሆና ተጫውታለች። የአርሚስተድ ሞፒን «ቴልስ ኦቭ ዘ ሲቲ» ደግሞ ለውጡን በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ያሳያል። ታሪኩ በ1976 በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ በተከታታይ መውጣት ጀመረ። የቤት አከራይዋ አና ማድሪጋል ትራንስ ሴት ናት። በ1993ቱ ተከታታይ ፊልም ኦሊምፒያ ዱካኪስ ተጫወተቻት። በ2019 ሌላ ተከታታይ ሲሠራ ዱካኪስ በእርጅናዋ ተመለሰች፤ የ1960ዎቹን ወጣት አና ግን ትራንስ ሴት የሆነችው ጄን ሪቻርድስ ያዘቻት። ያ የምልሰት ክፍል በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ በኮምፕተን ካፌቴሪያ ትራንስ ሴቶች ከፖሊስ ጋር የተጋጩበትን እውነተኛ ታሪክ ይነካል። የድሮዋን ተዋናይት ሳያባርሩ አዲስ በር ከፈቱ።

ገጸ ባሕርይዋ እውነተኛ ሰው ብትሆንስ?

ያኔ ምንጩ አንድ አይደለም። ሊሊ ኤልቤ በ1931 በድሬስደን ሞተች፤ ስለ ሕይወቷ የሚተርከው መጽሐፍ በዚያው ዓመት በዴንማርክ ወጣ። ዴቪድ ኤበርሾፍ በ2000 ይህን ይዞ ልቦለድ ጻፈ፤ ዴንማርካዊቷን ሚስቷን ጌርዳን ካሊፎርኒያዊት ግሬታ አደረጋት። የ2015ቱ ፊልም ጌርዳን ወደ ስሟና ወደ አገሯ መለሳት፤ ሌላውን የልቦለዱን ፈጠራ ግን ብዙውን ይዞ ቀረ። በእውነቱ ጋብቻቸው በ1930 በንጉሡ ፈቃድ ፈርሷል፤ በፊልሙ ጌርዳ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ከአልጋዋ አትርቅም። ተመልካች «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ሲል መሀል ላይ ልቦለድ መኖሩን ልብ ማለት አለበት።

መሠረቱ ራሱ ካረጀስ?

አንዳንድ ድርሰት በክፋት ሳይሆን በዘመኑ ዕውቀት ልክ ተጽፏል። «ዋይ፦ ዘ ላስት ማን» የተባለው የሥዕል ታሪክ ከ2002 እስከ 2008 ወጣ፤ ዋይ ክሮሞዞም ያለው አጥቢ እንስሳ ሁሉ በአንድ ቀን ይሞታል፤ አንድ ወጣትና አንድ ጦጣ ብቻ ይቀራሉ። «የመጨረሻው ወንድ» የሚለው ስሌት ክሮሞዞምንና ወንድነትን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። በ2021 ተከታታይ ፊልም ሲሆን ጸሐፊዎቹ ሕጉን አልሻሩም፤ ውጤቱን እስከ ጫፍ ተከተሉት። ዋይ ክሮሞዞም የሌለው ትራንስ ወንድ ከአደጋው ይተርፋል። ስለዚህ ሳም የተባለ ገጸ ባሕርይ ጨመሩ፤ ፋርማሲው በተዘጋበት ዓለም ቴስቶስትሮን ከየት ያገኛል? የሚለውም የታሪኩ ጭንቀት ሆነ። እንዲህ ያለ ጭማሪ ከላይ የተለጠፈ አይመስልም፤ ከታሪኩ የራሱ ሕግ ስለወጣ።

«ሳንድማን» የተባለው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ዋንዳ የምትባል ትራንስ ሴት አለች። ስትሞት ቤተሰቦቿ በመቃብር ድንጋዩ ላይ የድሮ ስሟን፣ «አልቪን»ን ያስቀርጻሉ፤ ጓደኛዋ በከንፈር ቀለም «ዋንዳ» ብላ ትጽፍበታለች። የዚያ ታሪክ ሌላው ክፍል ግን ሴትነቷን ጨረቃ እንኳ እንደማትቀበል ያደርጋል፤ ብዙ አንባቢ ተቀይሞበታል። በ2025ቱ የተከታታይ ፊልም ምዕራፍ ያ ታሪክ እንዳለ አልተሠራም፤ ዋንዳ በኢንድያ ሙር ተይዛ ወደ ሌላ የጉዞ ታሪክ ተዛወረች።

በሥራ ቦታ የሚበላሸው ምንድን ነው?

በፊልም ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ንግግር በላይ የተናጋሪው ስም ይጻፋል። ስሙ ከዚያ ወደ ዕለታዊ የቀረጻ ዝርዝር፣ ወደ አልባሳት ክፍል፣ ወደ መጨረሻው የተዋንያን ዝርዝር ይሄዳል። በመጀመሪያ ሠላሳ ገጽ የድሮ ስሟ ከተጻፈ ሠራተኛው ሁሉ በዚያ ይለምዳል፤ አለባበሱም አነጋገሩም ሳይታወቅ ወደዚያ ያዘነብላል። የሚሻለው ከገጽ አንድ ጀምሮ በአንድ ስም መጻፍና «ሌሎቹ እስካሁን እከሌ ይሏታል» ብሎ በማስታወሻ ማስቀመጥ ነው።

አማካሪ የሚጠራበት ጊዜም ወሳኝ ነው። በጽሑፍ ደረጃ «እሱ»ን በ«እሷ» መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከቀረጻ በኋላ ግን ቃል መቀየር የሚቻለው ድምፅ እንደገና ተቀድቶ፣ ያውም የተናጋሪው አፍ በማይታይበት ቦታ ነው። አፉ ከታየ ተዋናዩን፣ መብራቱንና ቦታውን መልሶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ስለማይኖር ስህተቱ ይቀራል።

በአማርኛ ሲተረጎምስ?

እዚህ ጋ ቋንቋችን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይጨንቃል። በእንግሊዝኛ ሰውን ፊት ለፊት ሲያነጋግሩ ጾታው አይታወቅም፤ በአማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» አሉ፤ ግሡም አብሮ ይለያል። መሸሸጊያዎቹ ጥቂት ናቸው። «መጣሁ» ባለ ሰው ጾታ አይታይም፤ «እርስዎ» እና «እሳቸው» ይሰውራሉ። ስለዚህ ደራሲው ሆነ ብሎ ምስጢር ባደረገበት ቦታ አክብሮቱ ተፈጥሯዊ እስከሆነ ድረስ «እርስዎ» ይጠቅማል።

የተለመደው ስህተት ግን ከምስጢሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ተርጓሚው እስከዚያ ድረስ «እሷ» ሲል ቆይቶ፣ ነገሩ ሲገለጥ በራሱ ሥልጣን ወደ «እሱ» ይሻገራል፤ ዋናው ፊልም ግን «እሷ» ማለቱን አላቆመም። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሊያዋርዳት የሚፈልግ ገጸ ባሕርይ እያወቀ «አንተ» ሲላት፣ ተርጓሚው አዝኖላት «እርስዎ» ካደረገው ስድቡ ይጠፋል፤ እሷ ለምን እንደተቆጣች ተመልካቹ አይገባውም።

አንዳንዴ ቋንቋ መቀየር ራሱ ይበላል። በማኑኤል ፑዊግ የ1976 ልቦለድ «የሸረሪቷ ሴት መሳም»፣ በእስር ቤት ያለው ሞሊና በስፓኒሽ አልፎ አልፎ ስለ ራሱ በሴት አንቀጽ ይናገራል። የ1985ቱ ፊልም በእንግሊዝኛ ስለተሠራ ያ ምልክት መግቢያ አጣ፤ ዊልያም ኸርት በድምፁና በእጁ እንቅስቃሴ ሊተካው ሞከረ። ለአማርኛ ተርጓሚም በ«እኔ» ውስጥ ሴትነት ስለማይታይ ምልክቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ሞሊና ራሱን «ሞኟ» ብሎ ሲጠራ።

ወደ ኦርላንዶ እንመለስ። መለከቱ ተነፍቶ ኦርላንዶ ራቁቱን ሲቆም ዉልፍ የጻፈችው «ሴት ነበረ» ነው፤ በወንድ አንቀጽ። ወደ «እሷ» የምትሻገረው ጥቂት ቆይታ፣ መሻገሯንም ለአንባቢ ነግራ ነው። «ሴት ነበረ» በአማርኛ ጆሮን ይጎረብጣል፤ ተርጓሚ እጁ ሳይታዘዘው «ነበረች» ብሎ ሊያርመው ይችላል። ጉርብጥናው ግን የደራሲዋ ነው፤ «ች» የምትገባው እሷ ባስገባችበት መስመር ላይ ነው።